ምሰሶው በ45 ሳንቲም ሲያጥር

ነገሩ የጀመረው ከልጄ ነው። አሥር ዓመቷ ነው። አምና ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ከቅርጫት ኳስ ልምምድ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ ወርውራ "አባዬ፣ ዛሬ ኳስ የነካሁት ሁለቴ ብቻ ነው" አለችኝ። ልምምዱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እናቴ ከውስጥ ሰምታ "ቆሞ ለመምጣትማ ዳቦ ቤት ላካት፣ እዚያም ሰልፍ ነው፣ ቢያንስ ዳቦ ይዛ ትመጣለች" አለች። ተሳሳቅን። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚነሳበት አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ። አዲስ አበባ እዚህ ጋ ስታልቅ ያስታውቃል። በአንድ በኩል ባለአራት ፎቅ ብሎክ፣ በሌላ በኩል ገላጣና ነፋስ። በበጋ አቧራው መስኮት አያስከፍትም፣ በክረምት ጭቃው ጫማ ይበላል። ለልጆች የሚሆን ቦታ ብርቅ ነው። ያለን አንድ የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ የሲሚንቶ ሜዳ ነው፣ እሱም ቅርጫት ያለው በአንዱ ጫፍ ብቻ። በሌላው ጫፍ ምሰሶ የነበረበት ጉድጓድ ቀርቷል። ልጆች ድንጋይ ሞልተውታል።

የምጽፈው ስለ አሰልጣኙ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ትምህርት ቤቱንም እንደዚያው። ልጆቹ "ኮች" ይሉታል፣ እኔም ኮች ልበለው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። መምህራን ኮሌጅ ሲማር ሦስት ዓመት ለኮሌጁ ቡድን ተጫውቷል፣ ፖይንት ጋርድ ነበር፣ ኳስ እያነጠረ ጨዋታውን የሚመራው። ቁመቱ ያን ያህል አይደለም፣ እጁ ግን ኳስ ያናግራል። ከኋላው ሲያዞራት፣ በእግሮቹ መሀል ሲያሳልፋት፣ ወዲያ እያየ ወዲህ ፓስ ሲሰጥ፣ መንገደኛ ቆሞ ያየዋል። ተመርቆ እዚህ የስፖርት መምህር ሆነ። ረቡዕ ከሰዓትና ቅዳሜ ጠዋት የሰፈር ልጆች ላሠልጥን ብሎ የጠየቀው ራሱ ነው። ማንም አላስገደደውም፣ ማንም አልከፈለውም። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በታች የምለው ሰውየውን ለማሳነስ እንዳይመስል ነው።

ጥቅምት ላይ ሲጀምር ሠላሳ አንድ ልጅ መጣ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የሚመጡት አሥራ ሁለት ብቻ ሆኑ።

ለምን ቢባል ኮች መልስ ነበረው። "የአሁን ልጆች ስልክ እንጂ ላብ አይወዱም።" ወላጆችም የየራሳቸው ነበራቸው፣ አንዱ ፈተና ነው ይላል፣ አንዱ ብርድ ነው ይላል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የጎደለ ነገር ሲኖር መዝገብ ማገላበጥ ነው የለመድኩት። መዝገብ ስላልነበረ ደብተር ገዝቼ ግቢው ጥግ ያለች ድንጋይ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ዘበኛው ለሁለት ሳምንት ያህል ከትምህርት ቢሮ የተላክሁ መስሎት በጣም ያከብረኝ ነበር።

መቁጠሩ የራሴ ፈጠራ አይደለም። ጆን ውድን የሚባል አሜሪካዊ አሰልጣኝ ነበር። እሱም እንደኛው ኮች በፊት የኮሌጅ ተጫዋች ነው፣ ለፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከአገሩ ምርጦች አንዱ የተባለ። አሰልጣኝ ሲሆን ደግሞ የሎስ አንጀለሱን ዩሲኤልኤ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 ባሉት 12 ዓመታት 10 ጊዜ የኮሌጆች ሻምፒዮን አደረገው። በመጨረሻው የውድድር ዘመኑ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ልምምዱ ላይ ቁጭ ብለው ከአፉ የሚወጣውን በየዓይነቱ እየለዩ መዘገቡ። ከተናገረው ሦስት አራተኛው ገደማ "ይሄን እንዲህ አድርግ" የሚል አጭር ትምህርት ሆኖ ተገኘ። ሙገሳው ከመቶ ሰባት አይሞላም፣ ቁጣውም እንዲሁ። ሲያሳይ ደግሞ ትክክለኛውን ያሳያል፣ ልጁ የሠራውን ስህተት ያሳያል፣ መልሶ ትክክለኛውን ያሳይና ዞር ይላል። በቃ። ጥቂት ሰከንድ ነው።

የኔ ደብተር ላይ የወጣው ሌላ ነው። ኮች አንድ ሌይአፕ፣ ማለትም ሮጦ ከቅርጫቱ ሥር ዘሎ ማግባትን፣ ለማሳየት ስድስት ደቂቃ ይፈጅበታል። አንዴ ሠርቶ አይበቃውም፣ በግራ እጁ ይደግመዋል፣ ከዚያ አየር ላይ ዞሮ፣ ከዚያ "ይሄን ደግሞ እዩ" ብሎ እዚያ ካሉት ልጆች አንዱም በአምስት ዓመት ውስጥ የማይሠራውን። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ፣ ያጨበጭባሉ። ከዚያ ሰልፍ። ኳሱ ሦስት ነው፣ አንዱ አየር አይይዝም። አንድ ልጅ ሮጦ ይወረውራል፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ኳስ በአጥር ከወጣች ሁሉም ይጠብቃል። የሳተ ሁለት ዙር ይሮጣል፣ ያረፈደ አምስት። ልጆቹ አሥራ ሁለት በነበሩበት ቀን፣ ማለትም ከወትሮው ባነሱበት ቀን፣ ልጄን ብቻ ለይቼ ቆጠርኩ። በ90 ደቂቃ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ኳስ ነካች። ኅዳር ላይ ሁለቴ ያለችው ውሸት አልነበረም።

ስትነካም እንዴት እንደምትነካ ላስረዳ። ኳሶቹ ቁጥር 7 ናቸው፣ የትልልቅ ወንዶች፣ ስድስት መቶ ግራም አካባቢ የሚመዝኑ። ቅርጫቱ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ላይ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ይሄን ኳስ እዚያ ለማድረስ ያላት መንገድ አንድ ነው፣ ከጉልበቷ መሀል አንስታ በሁለት እጅ መወርወር፣ አይሱዙ ላይ ጆንያ እንደሚጭን ሰው። ኮች "ክርን ወደ ውስጥ! በአንድ እጅ!" እያለ ይጮኻል። ክርኗን አስገብታ በአንድ እጅ ከወረወረች ግን ኳሷ መንገድ ላይ ትቀራለች፣ ስለዚህ ትስታለች፣ ስለዚህ ትሮጣለች። እሱ ልጆቹ አይሰሙኝም ይላል። እነሱ ይሰሙታል፣ ክንዳቸው ነው የማይሰማቸው።

ቀጥሎ ያደረግሁት ስህተት ነው። ደብተሩን ይዤ ሄጄ ልጆቹና ዘበኛው ባሉበት ነገርኩት።

"ኮች፣ ልጄ ዛሬ አሥራ አንድ ጊዜ ነው ኳስ የነካችው።"

ደብተሩን አየት አደረገና "ጋሼ፣ ቅር አይበልዎትና ኳስና ሒሳብ ይለያያል" አለኝ።

"ይለያያል። ግን ልጆቹ ቆመው ነው የሚውሉት።"

"እኛ ኮሌጅ ስንገባ የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ኳስ በዓይናችን አላየንም። ሩጫ ብቻ። እንደዚያ ነው ሰው የሆንነው።"

እናንተማ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ሃያ ዓመታችሁ ነበር የሚለው መልስ የመጣልኝ ቤቴ ደርሼ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት በአንገቱ ብቻ ነበር ሰላም የሚለኝ። አልፈርድበትም። ሰው ፊት የተነገረ እውነት ከስድብ አይሻልም፣ እኔም ለብቻው ሻይ ጋብዤ ብነግረው ኖሮ ምናልባት ሁለት ወር ባተረፍን ነበር።

እንደገባኝ ከሆነ ኮች ያሠለጥን የነበረው የኛን ልጆች አልነበረም። ኮሌጅ ጥሎት የመጣውን ቡድን ነው። ልምምዱ የዚያ ቡድን ነው፣ ቅጣቱ የዚያ ነው፣ ሰልፉም አሥራ ሁለት ተጫዋችና ደርዘን ኳስ ላለው ግቢ የተሠራ ነው። ከሁሉም በላይ ግን መጫወት አልጠገበም። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ደህና ነው፣ እዚህ ዳር አገር አብሮት የሚጫወት እኩያ የለውም። ሲያሳየን የነበረው ለማስተማር ብቻ አልነበረም፣ ናፍቆትም ነበረበት። ይሄን ያኔ አላየሁትም።

የካቲት ላይ ምሰሶው ወደቀ።

የወደቀው እሁድ ነው። ጎረምሶች ሪንጉ ላይ፣ የቅርጫቱ ክብ ብረት ላይ፣ ሲንጠለጠሉ፣ ታችኛው ክፍል ለካ ዝገት በልቶት ኖሮ ቀስ ብሎ ተጋደመ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም። ትምህርት ቤቱ ለዚህ ዓመት በጀት የለም አለ። ወላጆች ማዋጣት ጀመርን። መዋጮ በኛ ሰፈር እንዴት እንደሚሰበሰብ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ለነገሩ ትልቁ ለውጥ የመጣው በነዚያ ሦስት ሳምንታት ነው። ቅርጫት የለም። ቅርጫት ከሌለ ሌይአፕ የለም፣ ሌይአፕ ከሌለ ሰልፍ የለም። ኮች የመጀመሪያውን ረቡዕ ግራ ተጋብቶ ቆመ፣ ከዚያ "ቤት የሚነጥር ነገር ያለው ሁሉ ቅዳሜ ይዞ ይምጣ" አለ። ቅዳሜ የመጣውን ማየት ነበር። የእግር ኳስ፣ የመረብ ኳስ፣ ከሱቅ የተገዛ ፕላስቲክ፣ የአንዷ ደግሞ የታናሽ ወንድሟ ባለሥዕል ኳስ። አሥራ አራት ኳስ ቆጠርኩ። ሁሉም ልጅ የራሱን ይዞ ሲያነጥር፣ በግራ፣ በቀኝ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ እየሮጠ፣ አንዱ የሌላውን እየመታ ሲያስመልጥ፣ ግቢው ገበያ መሰለ። የልጄን መቁጠር አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መቶ ላይ አቆምኩ። ደብተሩን ዘጋሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አቋርጠው ከነበሩት አምስቱ ተመለሱ። የጠራቸው የለም፣ ጫጫታው እስከ ብሎካቸው ይሰማል።

በያጁ መጋቢት መጀመሪያ ላይ መጣ። የበሰበሰውን ክፍል ቆርጦ መጣል ነበረበት፣ አዲስ ቧንቧ ለመቀጠል ደግሞ ብሩ አልበቃም። ቆርጦ፣ በይዶ፣ ሲሚንቶ አፍስሶ አቆመው። ሜትር አምጥቼ ለካሁ። 2 ሜትር ከ60።

ኮች ፊቱ ጠቆረ። "ይሄ ቅርጫት ኳስ አይደለም፣ የዶሮ ቤት ነው" አለ።

እኔ ግን ቁጥሩ አንድ ነገር አስታወሰኝና ማታ ስልኬ ላይ ፈለግሁ። የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ ለ12 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች ሚኒ ባስኬት የሚባል አለው። የቅርጫቱ ከፍታ 2 ሜትር ከ60፣ ኳሱም ቁጥር 5፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ። በያጃችን ሳያውቀው በሳንቲም ልክ እዚያ ላይ አቁሞታል። ዝገቱ 45 ሳንቲም ነበር የበላው፣ 40 ወይም 60 ሊሆን ይችል ነበር። በዚህ ጊዜ ብልህ ሆንኩና ለኮች ለብቻው፣ በር ላይ ካለችው ቡና ቤት፣ በማኪያቶ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። አላመነም፣ ግን አልተቆጣም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ላይ የሆነውን እስካሁን ሳስበው ያስቀኛል። ኮች ቀድሞ ደርሶ ኳስ ይዞ ሪንጉን ሲያይ ነበር። ተንደረደረና ዳንክ አደረገ፣ ዘሎ ኳሷን ከላይ በእጁ ሪንጉ ውስጥ ከተታት። ኮሌጅ እያለ አንድም ቀን ዳንክ አድርጎ እንደማያውቅ በኋላ ነግሮኛል፣ ቁመቱ አይፈቅድለትም ነበር። ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ደገመው። በአንድ እጅ፣ በሁለት እጅ፣ ወደ ኋላ ዞሮ። ፊቱ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፊት ሆነ። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ላይ ሲወርድ ዘወር አለና ልጆቹን አየ። ማንም ሳያዛቸው በሰልፍ ቆመዋል፣ ኳሶቻቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው። ትንሽ አያቸው። ኳሷን ለመጀመሪያዋ ልጅ ሰጥቶ ወደ ዳር ወጣ።

ምንም አላለም። ረቡዕ ዕለት ግን በስኒከር ፋንታ የክፍል ማስተማሪያ የቆዳ ጫማውን አድርጎ መጣ። በቆዳ ጫማ ሲሚንቶ ላይ መዝለል አይቻልም። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ላይ ሌላ ጫማ ሲያደርግ አላየሁትም፣ እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው ማለት ይቻላል። ሁለት የቁጥር 5 ኳስ ከመርካቶ ተገዛ። ሦስት ለሦስት ማጫወት ጀመረ፣ ግማሽ ሜዳና አንድ ቅርጫት ነው የሚጠይቀው፣ ያለንም ያው ነው። ልጄ መጋቢት አጋማሽ ላይ ክርኗን ወደ ውስጥ አስገብታ በአንድ እጅ አገባች፣ ማንም "ክርን" ብሎ ሳይጮህባት። እንግዲህ ስትችለው ሠራችው።

የውሃው ነገር ግን መነገር አለበት። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። አራት ብሎኮች ፈረቃቸው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የነዚያ ብሎኮች ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ቅዳሜ ያረፍዳሉ ወይም ይቀራሉ፣ ምክንያቱም ቢጫ ጀሪካን ሲሞሉ ነው። ኮች ይሄን አያውቅም ነበር፣ ተከራይቶ የሚኖረው ሌላ ሰፈር ነው። ስድስት ወር ሙሉ ዲሲፕሊን የላቸውም ብሎ አምስት ዙር ሲያስሮጣቸው የነበሩት ውሃ ተሸክመው ፎቅ ወጥተው ወርደው የመጡ ልጆች ናቸው። ስነግረው እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። የቅዳሜውን ወደ እሁድ ከሰዓት አዛወረው፣ ሩጫውም የዚያኑ ቀን ቀረ። ከኳሱም ከቅርጫቱም ይልቅ ልጆቹን የመለሰ ይሄ ይመስለኛል። ሚያዝያ ላይ ሃያ ስድስት ደረሱ።

ኮች በዚህ መሀል ስለ ውድን በራሱ ማንበብ ጀምሮ ነበር። ውድን በየዓመቱ የመጀመሪያ ልምምድ ላይ ተጫዋቾቹን ካልሲና ጫማ አጠላለቅ ያስተምር ነበር፣ እግር እንዳይልጥ። ኮች ይሄን ወደደውና አንድ እሁድ ልጆቹን አስቀምጦ "ካልሲያችሁን አውልቁ" አለ። ግማሾቹ ካልሲ የላቸውም። ሦስቱ ደግሞ ኮንጎ ጫማ ነው ያደረጉት። ትምህርቱ እዚያው ላይ ተቋረጠ። በማግስቱ የወላጆች ቴሌግራም ላይ ስለ ካልሲ ጻፈ፣ ካልሲ መጣ።

ግንቦት ላይ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ተጫወቱ። እዚህ ጋ ታሪኩ በድል ቢያልቅ ደስ ባለኝ። 24 ለ 6 ተሸነፉ። ኳስ ያነጥራሉ፣ ይቀባበላሉ፣ የሌላው ቡድን ልጆች ሊይዟቸው አልቻሉም፣ ነገር ግን እዚያ ያለው ቅርጫት 3 ሜትር ከ5 ነው። ከወረወሩት አብዛኛው ከሪንጉ በታች ያልፋል። አንድ አባት ከጀርባዬ ሆኖ "የዶሮ ቤቱ ውጤት" አለ። ኮች ራሱ ያወጣው ስም ነው፣ ሰምቶታል።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ማንም አልተናገረም። ኮች መስኮቱን ተደግፎ ነበር። ይሄን ጨዋታ የፈጠረውን ሰውዬ ነገርኩት። ጄምስ ኔስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 አሜሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ የኮክ ፍሬ ቅርጫት ሁለት አግኝቶ በጂምናዚየሙ ሰገነት መደገፊያ ላይ አስመታ። መደገፊያው ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ላይ ነበር። በቃ፣ ከፍታው የመጣው ከዚያ ነው። የነሱን የወሰነው ሰገነት ነው፣ የኛን የወሰነው ዝገት። ጨምሬም ኔስሚዝ በኋላ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሆኖ 55 አሸንፎ 60 እንደተሸነፈ፣ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከድሉ ሽንፈቱ የበዛ አሰልጣኝ እሱ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። ኮች ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "የፈጠረው ሰው?" አለ። የፈጠረው ሰው።

በኋላ ወላጆች ተሰበሰብን። ግማሹ ቅርጫቱ ወደ 3 ሜትር ከ5 ከፍ ይበል አለ፣ ልጆቹ በውሸት ከፍታ እየለመዱ ነው ብሎ። ክርክሩ ባዶ አይደለም፣ የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመቶቹን በተመለከተ እኔም እስማማለሁ። ኮች የሰጠው መልስ ከሁላችንም የተሻለ ነበር። መጋዘኑ ግድግዳ ላይ በ3 ሜትር ከ5 ከፍታ በነጭ ቀለም መስመር አሰመረ። ትልልቆቹ ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ኳሷን ከመስመሩ በላይ አድርሰው ይመልሳሉ፣ በትክክለኛ ክርን። ትንንሾቹ እዚያ መስመር ጋ አይደርሱም፣ አይፈቀድላቸውም። እነሱ ምሰሷቸው ጋ ናቸው። መጀመሪያ አካባቢ እንዲህ ዓይነት ነገር ከሱ አይጠበቅም ነበር። ያኔ ቢሆን ሁሉንም ግድግዳው ሥር ያሰልፋቸዋል፣ እሱ ራሱም ሃያ ጊዜ እየወረወረ ያሳያቸዋል።

አሁን ልጆቹ በሁለት ቡድን ተከፍለዋል። ልጄ ከትንንሾቹ ጋር ናት፣ ወደ ትልልቆቹ ካላለፍኩ ብላ በየሳምንቱ ትጨቀጭቀኛለች። ድንጋይ የተሞላው ጉድጓድ ተጠርጎ ሁለተኛ ምሰሶ ሊቆም ነው። ቧንቧው ተገዝቷል። ኮች 3 ሜትር ከ5 ይሁን ይላል፣ ሁለት እናቶች ደግሞ ትንንሾቹ ስለሚበዙ ያም 2 ሜትር ከ60 ይሁን ብለው ይዘውታል። በያጁ ሁለቴ መጥቶ "ታዲያ ስንት ላይ ልቁረጠው?" ብሎ ጠይቆ ተመልሷል። ቧንቧው ነጩ መስመር ሥር ተጋድሟል፣ ልጆች ተራቸው እስኪደርስ ይቀመጡበታል።